«ከአባቴ የወረስኩት ነው»

 

«ኡስታዝ፣ አባቴ በመጠጥ ነው ያለፈው፤ አጎቴም እንደዚያው። ሱሱ በዘር እንደሚተላለፍ ሐኪም ነግሮኛል። ታዲያ አላህ ራሱ በሰጠኝ ዘር እንዴት ይጠይቀኛል?»

ይህን መሰል ጥያቄ በውስጥ መስመር በየጊዜው ይደርሰኛል። ከጠያቂዎቹ አንዳንዶቹ ሰለምቴዎች ናቸው፤ አንዳንዶቹ ግን ከሙስሊም ቤት የወጡ ልጆች ናቸው። «ሸይጧን ነው፣ አዑዙ በል» ብሎ ማለፍ ይቀላል። ጥያቄው ግን ከዚያ የተሻለ መልስ ይገባዋል።

ሐኪሙ ያለው እውነት ነው። («ጂን» ብዬ ብጽፍ ሩቅያ ፍለጋ የሚሮጥ ስለማይጠፋ «ዘረመል» እላለሁ።) እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ ዴንማርክ ውስጥ ዶናልድ ጉድዊንና ባልደረቦቹ ከሱሰኛ ወላጅ ተወልደው በሕፃንነታቸው ለማደጎ የተሰጡ ወንዶችን አጠኑ። ያደጉት ከወላጆቻቸው ርቀው ነው። ሆኖም በአልኮል ሱስ የተያዙት ከሌሎች የማደጎ ልጆች ከ3 እጥፍ በላይ ሆነው ተገኙ። በመንትዮች ላይ የተሠሩ ጥናቶችም በሰዎች መካከል ካለው የተጋላጭነት ልዩነት ግማሽ ያህሉ ከዘር እንደሚመጣ ያሳያሉ። ይህ ማለት ግን የጠጪ ልጅ በ50 በመቶ ዕድል ሰካራም ይሆናል ማለት አይደለም። አብዛኞቹ የጠጪ ልጆች ሱሰኛ አይሆኑም።

አንድ «የስካር ዘረመል» የሚባል ነገርም የለም። ብዙ ናቸው፤ እያንዳንዳቸው ትንሽ ትንሽ ይገፋሉ። በደንብ የሚታወቁት ጉበት አልኮልን የሚያብላላባቸውን ኢንዛይሞች የሚመለከቱት ናቸው። ከቻይናውያን፣ ከጃፓናውያንና ከኮሪያውያን ብዙዎቹ ከነዚህ ኢንዛይሞች አንዱ ደካማ ሆኖ ይወለዳሉ። ጥቂት ሲጠጡ መርዛማ ነገር በሰውነታቸው ይጠራቀማል፤ ፊታቸው ይቀላል፣ ልባቸው ይደልቃል፣ ያቅለሸልሻቸዋል። ስለዚህ በሱስ የመያዝ ዕድላቸው ያነሰ ነው። እንዲህ ያለው ሰው ብርጭቆውን የሚገፋው በተቅዋ ሳይሆን በጉበቱ ነው።

ተቃራኒውም አለ። አሜሪካዊው ሐኪም ማርክ ሹኪት ወጣት ወንዶችን ለዓመታት ተከታትሎ፣ መጠጥ ቶሎ የማይሰማቸው ኋላ ላይ ሱሰኛ የመሆን ዕድላቸው ከፍ ያለ መሆኑን አገኘ። ይህ ባሕርይ በሱሰኛ ልጆች ላይ በብዛት ይታያል። እስቲ አስቡት፤ ጓደኞቹ ፊት «እኔን አይነካኝም፣ እችለዋለሁ» እያለ የሚኩራራው ልጅ፣ ቶሎ ከሚሰክረው ጓደኛው ይበልጥ አደጋ ላይ ሊሆን ይችላል።

ወደ ጥያቄው እንመለስ። አላህ (ሱ.ወ) ለማንም ሰው ሊሸከመው የማይችለውን አይጭንም፤ የሚጠይቀንም በሠራነው እንጂ ይዘነው በተወለድነው ዝንባሌ አይደለም። ዘረመል ዝንባሌ ይሰጣል፤ እጅን ወደ ብርጭቆ አያነሳም። እስከዚህ ድረስ ማንኛውም ኡስታዝ ይነግርሃል። እኔን የሚያሳስበኝ ቀጣዩ ነው፦ ምርጫ ሁልጊዜ እኩል ስፋት የለውም። ቀምሶ የማያውቅ ሰው ያለው ምርጫና ለ10 ዓመት በየቀኑ የጠጣ ሰው ያለው ምርጫ አንድ አይደለም፤ ሱስ አንጎልን ይለውጣልና። በሩ ሰፊ የሚሆነው መጀመሪያ ላይ ነው። ብዙው የሚያሰክር ነገር ትንሹም ሐራም መሆኑን ረሱል (ሰ.ዐ.ወ) አስተምረውናል። ይህን ሑክም ከዚህ አንጻር ሳየው፣ በተለይ ተጋላጭ ሆኖ ለተወለደው ልጅ ራሕመት ሆኖ ይታየኛል። ለሌላው አንድ ብርጭቆ እዚያው ሊቀር ይችላል፤ ለእሱ ግን ላይቀር ይችላል። ማን የትኛው እንደሆነ ደግሞ ቀድሞ የሚያውቅ የለም።

«በእኛ ቤት ሰካራም የለም» የምትሉም አትዘናጉ። አያት ቅድመ አያቶቻችሁ ጠጥተው ካላወቁ፣ ዝንባሌው መኖር አለመኖሩ በምን ይታወቃል? ባሩድም እሳት እስኪነካው ድረስ ዱቄት ነው። ከሙስሊም ቤት ወጥቶ ዩኒቨርሲቲ ግቢ ሲገባ የመጀመሪያውን ቢራ የሚቀምስ ልጅ፣ በደሙ ውስጥ ያለውን ሳያውቅ ነው የሚቀምሰው።

አሁን ደግሞ ስለማንጠጣው ሰዎች። ጠረኑ እንኳ የሚያስጠላኝ ከሆነ፣ አለመጠጣቴ ምን ያህሉ የእኔ ትግል ነው? ሹክር እንጂ ኩራት አይገባኝም። ሳይጠጣ ለማደር በየምሽቱ ከነፍሱ ጋር የሚታገል ወንድም አላህ ዘንድ ከእኔ ሊልቅ ይችላል። ቁርኣንን እየከበደውና እየተደናቀፈ ለሚቀራ ሰው ሁለት አጅር እንዳለው ረሱል (ሰ.ዐ.ወ) ነግረውናል። (ሐዲሱ ስለ ቂርኣት ነው፤ ለመጠጥ ሑክም ላወጣበት አይደለም። ድካም እንደሚቆጠር ግን ያሳያል።)

ቡኻሪ በዘገቡት ሌላ ሐዲስ፣ ሰዎች «ሒማር» የሚል ቅጽል ያወጡለት አብዱላህ የሚባል ሰው ነበር። ረሱልን (ሰ.ዐ.ወ) ያስቃቸው ነበር። በመጠጥም ተቀጥቶ ያውቃል። አንድ ቀን እንደገና ተይዞ መጥቶ ከተገረፈ በኋላ፣ ከነበሩት ሰዎች አንዱ ስንት ጊዜ ነው የሚመጣው ብሎ ረገመው። ረሱል (ሰ.ዐ.ወ) ግን እንዳይረገም ከለከሉ፤ አላህንና መልእክተኛውን እንደሚወድም መሰከሩለት። ልብ በሉ፤ ቅጣቱ አልቀረም፣ ሐራሙም ሐላል አልሆነም። ደጋግሞ የሚወድቅ ሰው ልቡ ውስጥ የአላህ ፍቅር ሊኖር እንደሚችል የመሰከሩት ግን ራሳቸው ረሱል ናቸው። እኛ «ይሄ ደግሞ ሙስሊም ነው?» የምንለው በየትኛው ሥልጣን ነው?

ለጠያቂው ወንድሜ ሁለት ነገር ልበል። በየቀኑ ብዙ የምትጠጣ ከሆነ ተውበትህን ዛሬ አድርግ፤ ዛሬውኑ ደግሞ ሐኪም ዘንድ ሂድ። ሰውነቱ መጠጥ የለመደ ሰው ያለ ሐኪም ክትትል በድንገት ሲያቆም መንቀጥቀጥ፣ መቃዠት፣ ራስን ስቶ መንፈራገጥ ሊመጣበት ይችላል፤ ለሞት የሚያደርስበት ጊዜም አለ። አዲስ አበባ ካለህ አማኑኤል ሆስፒታል አለ። ለዚህ መድኃኒት መውሰድ የኢማን ጉድለት አይደለም።

ሁለተኛው ሶላት ነው። «የጠጣ ሰው 40 ቀን ሶላቱ ተቀባይነት የለውም» የሚለውን ሰምተው ሶላት እርግፍ አድርገው የሚተዉ አሉ። ዑለማዎች ሲያብራሩት ምንዳው ይቀራል እንጂ ግዴታው አይነሳም ይላሉ፤ እዚያው ሐዲስ ውስጥም ተውበት ያደረገን አላህ እንደሚቀበለው ተነግሯል። ሰክረህ ወደ ሶላት አትቅረብ፤ ሲለቅህ ግን ዉዱእ አድርገህ ስገድ። ትናንት ማታ ወድቀህም ቢሆን ዛሬ ለጁሙዓ ና።