ፀጥታና ደኅንነት

በቋንቋችን ውስጥ ብዙ ጊዜ ልብ የማንለው አንድ ነገር አለ። መንግሥት እጠብቀዋለሁ የሚለውን ነገር «ፀጥታ» እንለዋለን፤ ጠባቂዎቹንም «የፀጥታ ኃይሎች»። ፀጥታ ማለት ደግሞ ማንም እንደሚያውቀው ድምፅ አለመኖር ነው። ሕፃን ሲተኛ ቤቱ ፀጥ ይላል፤ የፈተና ወረቀት ሲታደል ክፍሉ ፀጥ ይላል። ነገሩ እንዲህ ከሆነ ሰላማዊ ሰልፈኛ ገና አፉን ሲከፍት ጥፋተኛ ሆነ ማለት አይደለም እንዴ? ድንጋይ ባይወረውር፣ መስታወት ባይሰብር፣ ድምፁን በማሰማቱ ብቻ ፀጥታውን አደፍርሶታል።

ሌላም ቃል አለን፤ ደኅንነት። ደኅና መሆን፣ መዳን ማለት ነው። እርግጥ ይህንንም ቃል መንግሥት ወስዶ የመሥሪያ ቤት ስም አድርጎታል፤ «ደኅንነት» ሲባል ሰው ድምፁን ዝቅ የሚያደርገው በከንቱ አይደለም። ቢሆንም ሁለቱ ቃላት አንድ አይደሉም። ጥያቄዬ ይኼ ነው፤ የሰው ደኅንነት በፀጥታ ይገዛል ወይ? ቢገዛስ፣ ሒሳቡን የሚያስበው ማነው?

ከስድስት ኪሎ ወደ ፒያሳ በእግሩ የሚወርድ ተማሪ ይህን ጥያቄ እየረገጠው ነው የሚያልፈው። አፍንጮ በር አጠገብ ታኅሣሥ 19 ቀን 1962 ዓ.ም. የተማሪዎች ማኅበር ፕሬዚዳንት ጥላሁን ግዛው በጥይት ተመታ፤ በማግሥቱ አስከሬኑን ይዘው ግቢ በተሰበሰቡት ላይ የክብር ዘበኛ ተኮሰ። ከዚያ ቀደም ብሎ፣ በ1959 ዓ.ም.፣ ስለ ሰላማዊ ሰልፍ አዋጅ ወጥቶ፣ ተማሪዎች አዋጁን ለመቃወም ሊሰለፉ ሲሉ ፖሊስ ከለከላቸው። ሰልፍን እመራለሁ ያለው ሕግ የመጀመሪያ ሥራው ሰልፍ መበተን ሆነ! ንጉሡ ዘውዱን፣ ደርግ አብዮቱን፣ ኢሕአዴግ ሕገ መንግሥታዊ ሥርዓቱን ሲጠብቁ ኖረዋል። የሚጠበቀው ነገር ስሙ ተቀያየረ እንጂ ግቢያችን ውስጥ የወደቀው ያው ተማሪ ነው። በሚያዝያ 1993 ዓ.ም. ተማሪዎች ከጠየቁት አንዱ የታጠቀ ፖሊስ ከግቢ ይውጣልን የሚል ነበር። በዚያ ሰሞን በከተማዋ በአሥሮች የሚቆጠሩ ሰዎች ሞቱ።

ወደ ፒያሳ እንውረድ። ሰልፍ የሚጠራ ሰው ደብዳቤውን የሚያስገባው ለከተማው አስተዳደር ነው። አዋጅ ቁጥር 3/1983 አርባ ስምንት ሰዓት ቀድመህ አሳውቅ ይላል እንጂ ፈቃድ ለምን አይልም። በተግባር ግን ማሳወቅ ልመና ሆኗል። ሰማያዊ ፓርቲ ግንቦት 25 ቀን 2005 ዓ.ም. በአራት ኪሎና በፒያሳ አድርጎ ወደ ቸርችል ጎዳና ሲወርድ፣ ከስምንት ዓመት ወዲህ በከተማዋ የታየ የመጀመሪያው ትልቅ የተቃውሞ ሰልፍ ነበር። ሺዎች ወጡ፤ ጮኹ፤ ወደየቤታቸው ገቡ። አገር አልፈረሰም። በአንጻሩ የካቲት 23 ቀን 2015 ዓ.ም. የዓድዋን በዓል ሊያከብር ምኒልክ አደባባይ በወጣው ሕዝብ ላይ አስለቃሽ ጭስ ተተኮሰ፤ ጭሱ ጊዮርጊስ ቤተ ክርስቲያን ቅጽር ውስጥ ገባ፤ ሰው ሞተ። የዚያን ቀን ሕዝቡ ተቃውሞ አልጠራም፤ ባንዲራ ይዞ ሊዘፍን ነበር የወጣው።

አሁን ተቃራኒውን ሐሳብ በጉልበቱ ልውሰደው፤ ደካማውን መርጦ መምታት አራዳነት እንጂ ክርክር አይደለምና። መንግሥት እንዲህ ይለናል፦ «ሰልፍ ሰላማዊ ሆኖ ጀምሮ ሰላማዊ ሆኖ ላይጨርስ ይችላል፤ ሱቅ ይሰበራል፣ መንገደኛ ይጎዳል፣ ፖሊስም የእናት ልጅ ነው።» እውነት ነው። በ1997ቱ ምርጫ ማግሥት በተነሣው ግርግር ስድስት ፖሊሶች ሞተዋል፤ እነሱን ሳይቆጥር የሚያለቅስ ሰው እንባው ጎዶሎ ነው። ቶማስ ሆብስም በ1651 እ.ኤ.አ. ባሳተመው መጽሐፉ ሰዎች ለአንድ ገዥ የሚታዘዙት እርስ በርስ እንዳይበላሉ ፈርተው ነው ብሏል። ግን እኮ ያ የፍርሃት ፈላስፋ እንኳ መታዘዝ የሚዘልቀው ገዥው መጠበቅ እስከቻለ ድረስ ነው ይላል። ጥበቃው ራሱ ሲገድልህ ውሉ የቱ ጋ አለ?

ስለዚህ ጥያቄው «አደጋ አለ ወይስ የለም» ብቻ አይደለም። አደጋውን የሚለካው ማነው? የ1998 ዓ.ም. ታሪክ እዚህ ላይ ነው የሚያስተምረን። ሰኔ 1 ቀን 1997 እና ከጥቅምት 22 ቀን 1998 ጀምሮ በነበሩት ቀናት በአዲስ አበባና በሌሎች ከተሞች ጥይት ተተኮሰ። የተወካዮች ምክር ቤት ራሱ አጣሪ ኮሚሽን አቋቁሞ፣ የተወሰደው ኃይል ከመጠን ያለፈ ነበር ወይ ብሎ ጠየቀ። ኮሚሽኑ ቆጠረ፤ 193 ሲቪሎች ሞተዋል። በክረምቱ መግቢያ ድምፅ ሲሰጥ ከአሥሩ አባላት ስምንቱ አዎ፣ ከመጠን ያለፈ ነበር አሉ። ከዚያ ሰብሳቢው ዳኛ ፍሬሕይወት ሳሙኤልና ምክትላቸው ዳኛ ወልደሚካኤል መሸሻ አገር ጥለው ወጡ። በጥቅምት 1999 ዓ.ም. ለምክር ቤቱ የቀረበው ሪፖርት ኃይሉ ከመጠን ያላለፈ ነበር አለ። ቁጥሩ ግን ያው 193 ነው! አንድም ሟች አልተነሣም፤ የተነሣው አንድ ቃል ብቻ ነው።

እኔን እንቅልፍ የነሣኝ ይህ ነው። መግደሉን አልካደም። ሚዛኑን የያዘውን ሰው ቀየረው፣ ሚዛኑም ሌላ ተናገረ።

ይህን ሁሉ ሳስብ አክስቴን እቴቴን አለማንሣት አልችልም፤ ክርክሬን የምታበላሽብኝ እሷ ናትና። እቴቴ ዶሮ ማነቂያ ነበር የምትኖረው። ዩኒቨርሲቲ ስገባ «ልጄ፣ ፀጥ ብለህ ተማር» አለችኝ። እኔም እንደ ማንኛውም አንደኛ ዓመት ተማሪ ንግግር አደረግሁላት። ጨርሼ ዝም ስል ነገረችኝ።

«በዚያ ጥቅምት አንተ የስምንት ወር ልጅ ነበርክ። እናትህ ሥራ ሄዳ እኔ ጋ ነበርክ። ተኩስ ስሰማ በሩን ዘጋሁ። ወዲያው አንድ ልጅ መጥቶ አንኳኳ። ‹እትዬ፣ ይክፈቱልኝ› ይላል። አንተ ልታለቅስ ስትል አፍህን በነጠላዬ ያዝኩ። ፀጥ አልኩ። ከዚያ የጫማ ኮቴ ሰማሁ፤ ከዚያ ምንም።»

በዚያች ክፍል ፀጥታም ደኅንነትም ነበር ማለት ነው፤ ደኅንነቱም የእኔ ነበር። ስለዚህ ፀጥታ ሰው አያድንም ብዬ ልጽፍላችሁ አልችልም፤ ድኜበታለሁና። መንግሥትም የሚለው ይህንኑ አይደል? ልጅ ይዣለሁ፣ በር አልከፍትም።

ብዙ ቀን አሰብኩበት። እቴቴ ያ ልጅ ሌባ ነበር ብላ አታውቅም። ድንጋይ ወርዋሪ ነበር፣ ከጀርባው ሌላ ኃይል ነበረ አትልም። ብትል ይቀላት ነበር፤ ማን ያይባታል? እሷ ግን «አንኳኳ፣ አልከፈትኩም» ብላ ነው የምትናገረው፤ አንዲት ቃል ሳትጨምር፣ ሳትቀንስ። ትክክል ሠርቻለሁም አትል። አንዱን ለማዳን ሌላውን በር ላይ መተው ግድ የሚሆንበት ቀን ሊኖር ይችላል፤ ይህን አምናለሁ። ግን ያን ቀን ያለፈበት ሰው እንደ እሷ ነው የሚናገረው። ሪፖርት የሚያስለውጠው መንግሥት፣ አደጋ ነበረ ሲለኝ የማላምነው አደጋ ስለማይኖር አይደለም። የእቴቴ ድምፅ በአፉ ውስጥ ስለሌለ ነው።

በ2016 ዓ.ም. ዶሮ ማነቂያ ሲፈርስ እቴቴ ከከተማው ዳር ኮንዶሚኒየም ደረሳት። ባለፈው ቅዳሜ ልጠይቃት ሄጄ አንኳኳሁ። ማነህ ሳትል በሩን ወለል አድርጋ ከፈተችው።

«እንዴ እቴቴ፣ ማነው አትዪም?»

«አልልም» አለችኝ። «ከዚያን ጊዜ ወዲህ ብዬ አላውቅም። ግባ፣ ቡናው ሊፈላ ነው።»