የሚሸፈነው የማን ገመና ነው?

የጦር ኃይሎች ሠፈር ስሙን የወረሰው ከሆስፒታሉ ነው። እዚያም ሆነ በሌላ ሠፈር ሕፃን ታቅፎ ወደ ሐኪም ሲቀርብ፣ «ምን ሆነ?» ለሚለው ጥያቄ መልስ የሚሰጠው አሳዳጊው ነው። ይህ አብዛኛውን ጊዜ ተገቢ ነው፤ ከእናት ይበልጥ ልጇን የሚያውቅ ማን አለ? ዳሩ ግን ቁስሉና የተነገረው ምክንያት ሳይጣጣሙ ሲቀሩ፣ የሐኪሙ ታማኝነት ለማን ነው?

ሕጉ መልስ አለው። በ1987 ዓ.ም. የጸደቀው ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 36፣ ሕፃናትን የሚመለከት እርምጃ ሲወሰድ ደኅንነታቸው በቀደምትነት እንዲታሰብ ያዝዛል። አገራችን የሕፃናት መብቶችን ስምምነት የተቀበለችውም ከዚያ አስቀድሞ፣ በግንቦት 1983 ዓ.ም.፣ ደርግ ሊወድቅ ሁለት ሳምንት ገደማ ሲቀረው ነበር። በዚያ የጭንቅ ሰዓት ሕፃናት መታሰባቸው ያስደንቃል።

ችግሩ ያለው በልማዳችን ላይ ነው። ገመናን መሸፈን በእኛ ዘንድ የጨዋነት ምልክት ነው፤ እኛም አናቃልለውም። ነገር ግን ሕፃን ተደፍሮ ወይም ክፉኛ ተደብድቦ ሳለ ጉዳዩ «የቤት ነገር ነው» ተብሎ በሽማግሌ ሲያልቅ፣ የተሸፈነው የአጥፊው ገመና ነው። እርቅ የተበዳይን ፈቃድ ይጠይቃል፤ ሕፃኑ ግን በሽማግሌዎቹ ፊት ቀርቦ «ይቅር ብያለሁ» አላለም። ካሣውን አባት ይቀበላል፤ ልጁ አጥፊው ወዳለበት ግቢ ይመለሳል።

የልጁን ገመና መሸፈን ከዚህ ይለያል። በጋንዲ መታሰቢያ ሆስፒታል ለጥቃት ሰለባዎች የተቋቋመው ማዕከል የሕክምናውንና የሕጉን አገልግሎት በአንድ ሥፍራ አሰባስቧል፤ ሕፃን የደረሰበትን በየቢሮው በደጋገመ ቁጥር ቁስሉ እንደገና ይከፈታልና። እንዲህ ባለ ሥፍራ ምሥጢር የሚጠበቀው ለልጁ ሲባል ነው።

ቤተ ክርስቲያንም በዚህ ረገድ ከወቀሳ ነጻ አይደለችም፤ በልዩ ልዩ አገሮች ለተቋሙ ክብር ሲባል የሕፃናት ጩኸት ታፍኗል። ርእሰ ሊቃነ ጳጳሳት ፍራንችስኮስ በ2011 ዓ.ም. ካህናትና ገዳማውያን እንዲህ ያለውን በደል ለቤተ ክርስቲያን ኃላፊ እንዲያመለክቱ በሕግ ያዘዙት ስለዚህ ነው።

የትምህርተ ክርስቶስ መምህራን ሆይ፣ «አስታርቁን» የሚል ጥሪ አንድ ቀን ወደ እናንተም ይመጣል። «አባትየው ከታሰረ ቤተሰቡ በምን ይኖራል?» የሚል ጥያቄም ይከተላል። ጥያቄው ቀላል አይደለም፤ በተግሣጽ ብቻ አይታለፍም። ቁምስናው ለዚያ ቤት እህልና የቤት ኪራይ መፈለግ ይኖርበታል። ልጁ ግን የሽማግሌው ቀጠሮ ሳይጠበቅ፣ በዚያው ዕለት ሐኪም ዘንድ ይቅረብ፤ አብሮት የሚሄደውም የሚያምነው ሰው ይሁን።