ባለ ሦስት አንጓው ዘንግ

ከእንጅባራ ወጣ ብሎ፣ ዘንገና ሐይቅ አፋፍ ላይ አንድ ወጌሻ ይኖር ነበር። አገሩ የፈረስ አገር ነውና ጉግስ ሲጫወት የወደቀው፣ ጭነት ሲያራግፍ ክንዱ የተሰበረው ሁሉ ደጁን ይጠናል። ወጌሻው ስብራቱን በቅቤ ያሻል፣ አጥንቱን ያገጣጥማል፣ በቀርከሃ ስንጥር ደግፎ ያስራል። ቀርከሃ በአዊ ምድር አይቸግርም።

ፊደል ስላልቆጠረ መዝገቡም ቀርከሃ ነው። ለእያንዳንዱ በሽተኛ ባለ ሦስት አንጓ ዘንግ ይቆርጣል። በላይኛው አንጓ የስብራቱን ቦታና ቀን በቢላዋ ይነቅሳል፤ በመካከለኛው ሕክምናውን፤ በታችኛው ደግሞ በሽተኛው ሕመሙ ሲያይልበት የነገረውን የቤቱንና የገላውን ጉዳይ። ዘንጎቹን በጠፍር አስሮ ቆጥ ላይ ያኖራቸዋል።

በአንድ የጥር ሳምንት ሦስት ሰዎች መጡበት።

መጀመሪያ የመጣው አንድ ባለጸጋ ነው፤ በእንስራ ማር አሸክሟል። “አባ፣ ልጄን ለዚያ ክንዱን ላሰሩለት ጎበዝ ልድር ነው። የሚጥል በሽታ አለበት ይባላል። እርስዎ ያውቃሉና እንደ ወንድም ይንገሩኝ” አለው።

“ማርህን ይዘህ ተመለስ” አለው ወጌሻው። “ልጁን ራሱን ጠይቀው። ከፈቀደ አብራችሁ ኑ፤ ዘንጉን እሱ ባለበት አነብልሃለሁ።” ሰውዬው ተቀይሞ ሄደ። በታችኛው አንጓ ላይ ምን እንደ ተነቀሰ እኛም አናውቅም።

በማግስቱ የዳኛ መልእክተኛ ደረሰ። ያው ጎበዝ “ጎረቤቴ በዱላ ክንዴን ሰበረኝ” ብሎ ከሷል፤ ተከሳሹ ደግሞ “የቆየ ስብራት ነው” ይላል። ወጌሻው በመጀመሪያ የዳኛውን ማኅተም ጠየቀ፤ አየ። ከዚያ “ዳኛው የጠየቀው ምንድን ነው?” አለ።

“ክንዱ መቼና የት ላይ እንደ ተሰበረ። ለማንኛውም ዘንጉን ሙሉውን ስጠኝ፤ የሚፈልገውን እሱ ይምረጥ።”

ወጌሻው መጋዙን አንሥቶ የላይኛውን አንጓ ቆርጦ ሰጠው። በቀረው ዘንግ ጫፍ ላይ ማን እንደ ወሰደና በየትኛው ቀን እንደ ወሰደ ምልክት አደረገ። ለጎበዙም “ከዘንግህ አንዱን አንጓ ዳኛ ወስዶታል” ብሎ ላከበት።

በሦስተኛው ቀን አንዲት እናት ውሻ የነከሰውን ልጇን አዝላ መጣች። ውሻው የባሏ ወንድም ንብረት ነው፤ ለሃጩን እያዝረበረበ ጥጆች ሲነክስ ውሏል። “አባ፣ ጠብ እንዳይነሣብኝ ማንም አይስማ” አለች። ወጌሻው ቁስሉን ደጋግሞ አጠበና “ልጄ፣ ይህን ዝም ማለት አልችልም። ለማን ምን እንደምናገር ግን አስቀድመሽ ስሚ” አላት። ከዚያ ዘንጉን ሳይነካ ወደ ጭቃ ሹሙ ገሠገሠ። የልጁን ቤት ለጭቃ ሹሙ በጆሮው ነገረው። በገበያው የተለፈፈው ግን “ከሐይቁ ማዶ ጥቁር ውሻ አብዷል፤ ከብትና ልጅ ሰብስቡ” የሚል ብቻ ነበር።

ምሳሌው እዚህ ላይ ያበቃል። የዛሬው ወጌሻ ሐኪሙ ነው፤ ዘንጉም የበሽተኛው ካርድ።

ሐኪም ሙያው ያሳወቀውን ምስጢር ቢያወጣ በ1996ቱ የወንጀል ሕግ አንቀጽ 399 ይጠየቃል። በ2016 የወጣው የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321 ደግሞ የጤና መረጃን የተለየ ጥንቃቄ ከሚሹት መካከል መድቦታል። ሕግ ግን ሐኪሙን ተናገር የሚልበትም ጊዜ አለ። ፍርድ ቤት ሲያዝ ስለ ጉዳቱ የሕክምና ማስረጃ ይሰጣል። ጤና ተቋም ውስጥ ሰው ሲወለድና ሲሞት ለምዝገባ የሚሆን ማሳወቂያ ይጻፋል። ኩፍኝ፣ ኮሌራ ወይም የእብድ ውሻ በሽታ ሲጠረጠር ጤና ጣቢያው በ30 ደቂቃ ውስጥ ለወረዳው ማሳወቅ አለበት፤ ወሬው ከወረዳ ወደ ዞን፣ ከዞን ወደ ክልል አልፎ የኢትዮጵያ ኅብረተሰብ ጤና ኢንስቲትዩት ይደርሳል። እዚህ ላይ የበሽተኛው ፈቃድ አይጠበቅም፤ ዝም ማለት የጎረቤትን ልጅ ሊገድል ይችላልና።

ብዙ ሰው ምስጢሩ እንዲህ ባለው ሪፖርት የሚወጣ ይመስለዋል። እኔ ይበልጥ የምፈራው ባለ ማሩን ሰውዬ ነው። እንደ እንጅባራና እንደ ዳንግላ ባለ ከተማ ካርድ ክፍል የምትሠራው ልጅ የጎረቤት ልጅ ናት፤ ነርሱ የዕድር አባል ነው፤ መስኮቱ ላይ “እስቲ የእገሌን ካርድ አሳዪኝ” የሚለው ደግሞ አጎቷ ነው። ሕግ ሲጠይቅ ደብዳቤ ይዞ፣ ጉዳዩን ለይቶ ይጠይቃል። ይሉኝታ ግን ደብዳቤ የለውም፤ ሙሉውን ዘንግ ነው የሚፈልገው። ደብዳቤ ይዞ የመጣውም ቢሆን “ለማንኛውም” ብሎ ሙሉ ካርዱን ኮፒ አስደርጎ ሊሄድ ሲል ያው ነው፤ የክንድ ስብራት የተጠየቀበት ሰው የኤችአይቪ ምርመራው ውጤት አብሮ የሚሄድበት ምክንያት የለም።

ስለዚህ ካርድ የሚጠይቀውን ሁሉ፣ ዘመድም ይሁን ፖሊስ፣ እንደ ወጌሻው መጠየቅ ነው፦ ማን ላከህ? የቱን አንጓ ነው የምትፈልገው? ባለቤቱስ ያውቃል? መልሱ ተጽፎ ከካርዱ ጋር ይቀመጥ፤ ነገ በሽተኛው መጥቶ “ካርዴን ማን አየው?” ቢል የሚያሳየው እንዲኖር።