ከስኒዋ ጀምሩ

ኮምፒውተር ላይ ባለ ሦስት አውታር ሞዴል መሥራት የሚማሩ ልጆች አልፎ አልፎ እኔ ዘንድ ይመጣሉ። ዕድሜዬን በቴክኒክ ሥዕል መምህርነት ያሳለፍኩ፣ ከቲ-ስኩዌርና ከሮትሪንግ ብዕር ተነሥቼ ወደ ማውስ የተሻገርኩ ሰው በመሆኔ አንድ የሚጠቅም ነገር አያጣም ብለው ነው። ምን እየሠራችሁ ነው ስላቸው አንዱ ዘንዶ ይለኛል፣ ሌላው የእሽቅድምድም መኪና፣ ሦስተኛው ጋሻና ጦር የያዘ ተዋጊ። ትንሽ ቆይቼ ስጠይቅ አብዛኞቹ ትተውታል። እኔም አይገርመኝም። ዘንዶን በዓይኑ ያየ ማን አለ? ክንፉ ቢጣመም፣ አንገቱ ቢረዝም ተሳስተሃል የሚል የለም። አራሚ የሌለው ተማሪ ደግሞ የቱ ጋ እንደተሳሳተ ሳያውቅ ይሰለቻል።

ልጆቼ፣ እጃችሁ ውስጥ በሚገባ፣ በማስመሪያ በሚለካ የቤት ዕቃ ጀምሩ። ዕቃው ራሱ ያርማችኋል።

ይህ የሕፃን ሥራ የሚመስለው ካለ የሙያውን ታሪክ ይመልከት። የኮምፒውተር ሥዕል ካደገባቸው ቦታዎች ዋነኛው አሜሪካ የሚገኘው የዩታ ዩኒቨርሲቲ ነው። (ዓመቶቹን የምጠራው በፈረንጅ አቆጣጠር ነው።) በ1971 አንሪ ጉሮ የሚባል ፈረንሳዊ ተማሪ የገዛ ሚስቱ ፊት ላይ መስመር አስምሮ ያንን ፊት ወደ ኮምፒውተር አስገባ። በ1972 ኤድ ካትመል፣ ኋላ ፒክሳርን ካቋቋሙት ሰዎች አንዱ የሆነው፣ የግራ እጁን በጄሶ ቀርጾ በላዩ ላይ ወደ 350 የሚሆኑ ሦስት ማዕዘኖችና ሌሎች ጠፍጣፋ ቅርጾች አሰመረበት፤ ከዚያም የሚንቀሳቀስ ፊልም አደረገው። በዚያው ዓመት ኢቫን ሰዘርላንድ ከተማሪዎቹ ጋር ሆኖ የሚስቱን ቮልስዋገን፣ ያችን ድብልብል መኪና፣ መስመር እየቀቡ በሜትሮ ለኳት። በ1975 ደግሞ ማርቲን ኒዌል የሚሞክርበት ቅርጽ ሲያጣ ሚስቱ ሳንድራ የሻይ ዕቃችንን ለምን አትሠራም አለችው። ማንቆርቆሪያውን በሚሊሜትር ወረቀት ላይ ነድፎ፣ የሬኖው መሐንዲስ ፒየር ቤዚዬ ለመኪና አካል ይጠቀምበት በነበረው የጠመዝማዛ መስመር ስሌት ወደ ቁጥር ለወጠው።

ያ ማንቆርቆሪያ ዛሬም በመላው ዓለም መሞከሪያ ነው። ሆዱ ክብ ነው፣ እጀታው በመካከሉ ቀዳዳ አለው፣ ሻዩ የሚወርድበት አፍ በሆዱ ላይ ጥላ ይጥላል፤ አንድ ፕሮግራም ብርሃንና ጥላ መሥራት መቻሉን ለማየት ከዚህ የተሻለ አይገኝም። መጀመሪያ ሲሠራ ግን ታች አልነበረውም! ኋላም ጂም ብሊን ቁመቱን አሳጥሮታል፤ ዛሬ በስክሪን የምናየው ከእውነተኛው ያጠረ ነው። ይህን እንዴት አወቅን? ዕቃው ስላለ ነዋ። ካሊፎርኒያ፣ ማውንቴን ቪው ባለው የኮምፒውተር ታሪክ ሙዚየም ተቀምጧል፤ የፈለገ ሄዶ ያስተያያል።

እንግዲህ ወደ ቡና ስኒዋ እንምጣ። ስኒ ጆሮ የላትም፣ ዙሪያዋም አንድ ዓይነት ነው፤ ስለዚህ ሙሉዋን መሣል አያስፈልግም። ከመካከሏ ለሁለት ብትሰነጠቅ የሚታየውን የግድግዳዋን ቅርጽ፣ እሱንም የአንድ ወገኑን ብቻ ሥላችሁ በዘንግ ዙሪያ እንዲያዞረው ኮምፒውተሩን ታዙታላችሁ። ብሌንደር በሚባለው ፕሮግራም ላይ ይህን የሚሠራው ስክሪው የሚባለው ሞዲፋየር ነው፤ ፍሪካድ በሚባለው ላይ ሪቮሉሽን ይባላል። ፕሮግራሙ የሚያዞርበት ጊዜ ዓይን እስኪጨፈን ድረስ ነው። ሥራው ያለው ከዚያ በፊት ነው።

የአፏን ስፋት፣ ቁመቷንና የግርጌዋን ስፋት ለኩ። ግድግዳዋ ቀጥ ብሎ ስለማይወርድ በየአምስት ሚሊሜትሩ ከፍታ ስፋቷን ጻፉ። ካሊፐር ያለው ይጠቀምበት፤ የሌለው ስኒዋን በሁለት መጽሐፍ መካከል አስገብቶ የመጻሕፍቱን ርቀት በማስመሪያ ይለካ። ከዚያ ገልብጧት። ከታች የምትቆምበት ቀለበት አላት፣ የቀለበቱም ውስጥ ገባ ያለ ነው። ዕድሜ ልኩን ቡና ሲጠጣ ኖሮ ይህን ቀለበት ልብ ያላለ ብዙ ሰው አውቃለሁ። ከንፈሯ ላይ ስስ ናት፣ ወደ ታች ትወፍራለች። ጀማሪ የሠራት ስኒ ወዲያው የምትታወቀው በዚህ ነው፤ ውጯ አለ፣ ውስጧ የለም።

ቁጥሮቹን ስታስገቡ መለኪያው ሚሊሜትር መሆኑን አረጋግጡ። ብሌንደር ሲከፈት መካከል ላይ የምትጠብቃችሁ ሳጥን በየጎኗ ሁለት ሜትር ናት። ያን ሳያዩ ስኒያቸውን በቁም ሣጥን ልክ የሠሩ ተማሪዎች አሉኝ።

ሠርታችሁ ስትጨርሱ ፈተናው ውኃ ነው። እውነተኛዋን ስኒ እስከ አፏ ሙሉና ውኃውን በሲሪንጅ እየሳባችሁ ስንት ሚሊ ሊትር እንደያዘች ቁጠሩ። ከዚያ ስክሪን ላይ ያለችውን ስኒ የውስጥ ባዶ ቦታ እንደ አንድ ድፍን አካል ሠርታችሁ ይዘቱን ፕሮግራሙን ጠይቁ፤ አንድ ሚሊ ሊትር አንድ ሺህ ኪዩቢክ ሚሊሜትር ነው። ቁመቷ ልክ ሆኖ ስፋቷን በ10 በመቶ ብታበዙት ይዘቷ በ21 በመቶ ያድጋል። ዓይን ያሳለፈውን ስሕተት ውኃው ያጋልጠዋል። ጓደኛ «አሪፍ ነው» ብሎ ሊያልፋችሁ ይችላል፤ ውኃ አያውቃችሁም።

ጀበና ላይ ስትደርሱ ነገሩ ይለወጣል። ሆዷንና አንገቷን እንደ ስኒዋ አዙራችሁ ታወጣላችሁ፤ ሲያልቅ ግን የሠራችሁት ነገር ጀበና ጀበና አይልም። ለምን? ስኒዋ የፋብሪካ ልጅ ናት፣ ክብነቷ ሙሉ ነው። ጀበናዋን ግን አንዲት ሸክላ ሠሪ ያለ መንኮራኩር፣ ጭቃውን በእጇ እያሳደገችና እያለሰለሰች ነው ያወጣቻት። ሆዷን አንድ ጊዜ በእጀታው አቅጣጫ፣ አንድ ጊዜ ደግሞ በወርዷ ለኩ፤ ሁለቱ ቁጥሮች አብዛኛውን ጊዜ አይገጥሙም። አንገቷም በጥቂቱ ወደ አንድ ወገን ያዘነብላል። እንግዲህ ፍጹም ክብ አድርጋችሁ የሠራችሁትን ሆድ እንደገና በልኩ ማጣመም ይኖርባችኋል፤ ያለ ልክ ማጣመምማ ማንም ይችላል።

ትልቁ ትምህርት ግን እጀታው ከሆዱ የሚገናኝበት ቦታ ነው። ጀማሪ አንድ ቧንቧ ሠርቶ ሆዱ ውስጥ ይወጋዋል፤ ከሩቅ እጀታ ይመስላል፣ ሲቀርቡት የተሰካ መሆኑ ያስታውቃል። ጀበናዋን አንሡና መገናኛውን በጣታችሁ ዳስሱ። ሸክላ ሠሪዋ ጭቃውን በአውራ ጣቷ ተጭና ከሆዱ ጋር አዋሕዳዋለች፤ አንዱ የሚያልቅበትና ሌላው የሚጀምርበት መስመር የለም። እናንተም ሆዱ ላይ ቀዳዳ ከፍታችሁ፣ የቀዳዳውን ጠርዝ ከቧንቧው ጠርዝ ጋር ነጥብ ለነጥብ ማያያዝ አለባችሁ። የነጥቦቹ ቁጥር ካልተመጣጠነ ገጹ ይጨማደዳል። ሰውን ስትሠሩ ክንድ ከትከሻ የሚገናኘው፣ አውሮፕላን ስትሠሩ ክንፍ ከአካሉ የሚገናኘው በዚሁ ዘዴ ነው። ሸክላ ሠሪን ስንንቅ የኖርን ሰዎች ነንና፣ ይህን ዕውቀት ከእሷ እጅ መማራችሁ በእኔ ዓይን ተጨማሪ ትርፍ ነው።

ዕቃውን ፎቶ አንሥታችሁ ከጀርባ አድርጋችሁ የምትሠሩ ከሆነ አንድ ነገር ልጨምር። ስልኩን አታስጠጉት። ቀርቦ የተነሣ ፎቶ ፊት ያለውን ያገዝፋል፣ ኋላ ያለውን ያሳንሳል፤ በዚያ ላይ ተመሥርታችሁ የሠራችሁት ሁሉ ይወላገዳል። እስከቻላችሁ ራቁና በዙም ሳቡት። ካሜራው በዕቃው ወገብ ትክክል ይሁን።

ጠርዝንም ተመልከቱ። ኮምፒውተር የሚሰጣችሁ ሳጥን ጠርዙ ማብቂያ የሌለው ስለት ነው። እንዲህ ያለ ጠርዝ እቤታችሁ ፈልጉ፤ ጠረጴዛው፣ ሬዲዮው፣ ጀሪካኑ፣ ሁሉም በጥቂቱ ተሸርሽሯል ወይም ተድቦልቡሏል። ጠርዝ ላይ ቀጭን የብርሃን መስመር የምታዩትም ለዚህ ነው። ቤቭል የሚባለውን መሣሪያ በአንድ ሚሊሜትር ብትጠቀሙበት ሥራችሁ ከፕላስቲክነት ይወጣል።

መሶብን የምመክረው ለበሰሉት ነው። እሷ የምታስተምረው ጥሩውን ስንፍና ነው። ሰፊዋ ከመካከል ጀምራ እየዞረች፣ በወስፌ እየወጋች፣ ጥለቱን በስፌት ቁጥር ታወጣለች። ያን ሁሉ ስፌት አንድ በአንድ የሚሠራ ሞኝ ነው። አንዷን ስፌት በጥንቃቄ ሥሩ፣ ዙሩን የሚከተል መስመር ሣሉ፣ ከዚያ ኮምፒውተሩ በመስመሩ ላይ ይደርድረው። የቀለሙን ተራ ግን ራሳችሁ ቁጠሩ። መቁጠር ካቃታችሁ የምትሰፋ እናት ወይም አክስት አጠገብ ቁጭ በሉ።

ስለ ፕሮግራሞቹ ብዙ አልልም። ለምስልና ለፊልም ብሌንደር፣ ለሚመረት ዕቃ ፍሪካድ፤ ሁለቱም ነፃ ናቸው። ብሌንደርን የጀመረው ቶን ሮዘንዳል የሚባል ሆላንዳዊ ነው። ድርጅቱ ሲዘጋ፣ በ2002፣ ተጠቃሚዎቹ በሰባት ሳምንት 100,000 ዩሮ አዋጥተው ፕሮግራሙን ለሁሉም ክፍት አስደረጉት። በ2025 በአኒሜሽን ዘርፍ ኦስካር የወሰደው «ፍሎው» የተባለው የላትቪያ ፊልም የተሠራው በእሱ ነው። ገንዘብ የለኝም የሚለው ምክንያት እንግዲህ አያስኬድም። መብራት ሲሄድ ሥራ ይጠፋል የሚለው ግን እውነት ነው፤ ፕሮግራሙ በየሁለት ደቂቃው በራሱ ቢያስቀምጥም እጃችሁን ማስቀመጡን አስለምዱት።

በቪዲዮ የሚማሩትንም አልቃወምም። አንድሩ ፕራይስ የሚባለው አስተማሪ ጀማሪን ሁሉ ዶናት ያሠራል፤ ደኅና አስተማሪ ነው፣ እኔም ተከታትየዋለሁ። ግን ዶናቱ የእሱ ነው። የት ላይ መጫን እንዳለባችሁ እየነገራችሁ ሠርታችሁ ስትጨርሱ የእሱን ውሳኔ ነው የደገማችሁት። ቁልፎቹን ከእሱ ተማሩ፣ ከዚያ ቪዲዮውን ዝጉና ማንም ያላስተማረበትን የራሳችሁን ዕቃ አንሡ። የትኛው ልኬት እንደሚያስፈልግ፣ ከየት እንደሚጀመር፣ የቱ ዝርዝር እንደሚተው ስትወስኑ ሙያው የእናንተ መሆን ይጀምራል።

በሬ ክፍት ነው። ሥራችሁን ልታሳዩኝ ስትመጡ ግን ላፕቶፑን ብቻ ይዛችሁ እንዳትመጡ፤ ዕቃውንና የልኬት ወረቀታችሁንም ይዛችሁ ኑ። ሞዴሉንና ዕቃውን ጎን ለጎን ካላየሁ አስተያየት አልሰጥም።