የይርጋጨፌ ዶላር የማን ነው?

ከጥቅምት ጀምሮ እሸት ቡና ሲለቀም የይርጋጨፌ ገበሬ ዓይኑን ከሚዛን ላይ አያነሳም። ቀዩን እሸት ተሸክሞ ማጠቢያ ጣቢያው በር ላይ ሲደርስ መዛኙን አያምንም፤ ቁጥሩን ራሱ ያነባል፣ ካልቻለ ልጁን ያስነብባል። ግማሽ ኪሎ ጎደለ ከተባለ ጠብ ይነሳል። ጠቡ ካልበረደ ሽማግሌ ይገባበታል፤ የአካባቢው ሕዝብ፣ ጌዴኦ፣ ለእንዲህ ያለው ጉዳይ ሶንጎ የሚባል የሸንጎ ሥርዓት አለው።

ያው ገበሬ አንድም ቀን ቆሞ ያላየው ሌላ ሚዛን አለ። የሚገኘው አዲስ አበባ ነው፤ የሚመዝነውም ቡናውን ሳይሆን ቡናው ያመጣውን ዶላር ነው። ባለቤቱ እስከ 2016 ዓ.ም. ድረስ ብሔራዊ ባንክ ነበር። ዶላሩ በ2 ብር ይመንዘር ወይስ በ5፣ በ57 ይመንዘር ወይስ በ130 የሚለው ውሳኔ፣ ማጠቢያ ጣቢያው በር ላይ ከሚጎድለው ግማሽ ኪሎ እጅግ የሚበልጥ ገንዘብ ከአንዱ ኪስ አውጥቶ በሌላው ኪስ ያስገባል። በዚህ ላይ ግን ጠብ አይነሳም፤ ሽማግሌም አይቀመጥም።

የምጣኔ ሀብት ሰዎች ጉዳዩን «የምንዛሪ ተመን ፖሊሲ» ብለው በሰንጠረዥ ያስቀምጡታል። ከሰንጠረዡ በፊት ግን የፍትሕ ጥያቄ አለ፦ ሰው መሬት ቆፍሮ፣ ለቅሞ፣ አድርቆ ያመጣው የውጭ ምንዛሪ የማን ነው?

ሃይማኖቶች ስለ ምንዛሪ ተመን ፖሊሲ የደነገጉት ነገር የለም። ስለ ሚዛን ግን ብዙ ተናግረዋል። ኦሪት ዘዳግም በአንድ ከረጢት ትልቅና ትንሽ የሚዛን ድንጋይ መያዝን ይከለክላል። ቁርኣን ለራሳቸው ሲሰፍሩ ሞልተው ለሌላው ሲሰፍሩ የሚያጎድሉ ሰዎችን የሚገሥጽ ሙሉ ምዕራፍ አለው። በአገራችን ለዘመናት ዳኞችና ካህናት የተማከሩበት ፍትሐ ነገሥትም ሽያጭን፣ ብድርንና አደራን የሚመለከቱ አንቀጾችን ይዟል። ሁሉም የሚስማሙበት ነጥብ አንድ ነው፤ ስስት ብቻውን ኃጢአት ሊሆን ይችላል፣ በሁለት ሚዛን መመዘን ግን ስርቆት ነው።

ገንዘብን ራሱን እንደ ሚዛን የቆጠረው አርስቶትል ነው። ለእርሱ ገንዘብ ጫማ ሰፊውና ቤት ሠሪው ሥራቸውን የሚያስተያዩበት መለኪያ ነው። በ14ኛው ክፍለ ዘመን ፈረንሳዊው ጳጳስ ኒኮላስ ኦሬም ከዚህ ተነሥቶ ለነገሥታት የማይጥም መደምደሚያ ላይ ደረሰ፦ በሳንቲሙ ላይ የንጉሡ መልክ ቢታተምም ገንዘቡ የንጉሡ አይደለም፣ የማኅበረሰቡ ነው፤ ስለዚህ ንጉሥ የገንዘብን ክብደት ቀንሶ ቢያተርፍ ከአራጣ የከፋ በደል ይፈጽማል። ግማሽ ክፍለ ዘመን ቆይቶ ካይሮ ላይ የታሪክ ጸሐፊው አል መቅሪዚ፣ የግብጽን ረኃብና የኑሮ ውድነት ሲመረምር፣ ከሹማምንት ሙስናና ገበያውን ካጥለቀለቀው የመዳብ ገንዘብ ጋር አገናኘው። (ይኸው ሰው በሐበሻ ምድር ስለነበሩ የሙስሊም ነገሥታትም መጽሐፍ ጽፏል፤ ከእኛ ብዙም የራቀ አይደለም።) የሐበሻ ገበሬ እነዚህን መጻሕፍት ሳያነብ ተመሳሳይ ፍርድ ሰጥቶ ነበር። እስከ 20ኛው ክፍለ ዘመን አጋማሽ ድረስ ከማንኛውም ገንዘብ ይልቅ የማሪያ ቴሬዛን ብር ያመነው ክብደቱ ስለማይለዋወጥ ነው።

አሁን ወደ ቡናው። ከ1965 ዓ.ም. እስከ 1985 ዓ.ም. አንድ ዶላር በ2 ብር ከ7 ሳንቲም ታስሮ ቆየ። በእነዚህ 20 ዓመታት ዘውድ ወደቀ፣ መሬት ተወረሰ፣ ጦርነት መጣ፣ ረኃብ ገባ፤ ተመኑ ግን ፍንክች አላለም። ሐምሌ 1967 የብራዚልን ቡና ውርጭ መታውና የዓለም ዋጋ ጣሪያ ነካ። በ1981 ደግሞ የዓለም አቀፉ ቡና ስምምነት ኮታ ሲፈርስ ዋጋው ወደ ግማሽ አሽቆለቆለ። ዋጋው ሲወጣ መንግሥት በቀረጥና በሱር ታክስ አብዛኛውን ወሰደ፤ ሲወርድ ግን ገበሬው ለብቻው ቀረ። በ1985 ዶላሩ በአንድ ጊዜ 5 ብር ሆነ፤ ትይዩ ገበያውማ ከዚያም በላይ ነበር። እንግዲህ 5 ብር ከእውነተኛው ዋጋ የሚቀርበው ከሆነ፣ በመጨረሻዎቹ ዓመታት ከእያንዳንዱ የቡና ዶላር ወደ 3 ብር የሚጠጋ ገንዘብ ከገበሬው ወገን ወጥቷል። የገባውም ዶላሩን በ2 ብር ከ7 ሳንቲም ተሰፍሮ ለተሰጠው ነው፦ ለመንግሥት መሥሪያ ቤት፣ ለመንግሥት ድርጅት፣ ለጦር መሣሪያ ግዢ። ይህ ወጪ በየትኛውም በጀት ግብር ተብሎ አልተጻፈም፤ ደረሰኝም የለውም።

ጌዴኦ ግብርን የማያውቅ አገር አይደለም። በገባር ሥርዓት ዘመን ገበሬው ከቡናው ለባለ መሬቱ ድርሻ ያካፍል ነበር፤ በ1952 ዓ.ም. ሚችሌ ላይ ያመፀውም በዚህ ድርሻ ምክንያት ነው፤ በአመፁ ብዙዎች ሞቱ። ማመፅ የቻለው ግን የሚወሰድበትን ስለሚያይ ነበር። ባለ መሬቱ መጥቶ ይቆማል፣ ቡናው ፊቱ ይከፈላል። የምንዛሪ ተመን መልክ የለውም፤ በደሉ እንኳ ቢኖር ጣት የሚቀሰርበት ሰው አይገኝም። አንድ ሸክም ፍትሐዊ ለመባል ቢያንስ ተሸካሚው ክብደቱን ማወቅ አለበት ከተባለ፣ ከሁለቱ የትኛው የባሰ እንደሆነ መጠየቅ ተገቢ ነው።

ነዳጅ ላኪ አገሮች ይህ ጥያቄ በዚህ መልኩ አይገጥማቸውም። የነዳጅ ጉድጓድ ላይ ገበሬ አልቆመም። ዶላሩ ከኩባንያው በቀጥታ ወደ መንግሥት ካዝና ይገባና ከዚያ በኋላ ያለው ክርክር የአከፋፈል ክርክር ብቻ ይሆናል። ኖርዌይ በ1990 እ.ኤ.አ. ባወጣችው ሕግ የነዳጅ ፈንድ አቋቁማ፣ ሀብቱ ገና ላልተወለደውም ነው ብላ በውጭ አገር አስቀመጠችው። ናይጄሪያ በአንጻሩ እስከ 2023 እ.ኤ.አ. አጋማሽ ድረስ ለናይራ ብዙ ዓይነት ተመን ይዛ ቆየች፤ በመንግሥት ተመን ዶላር ያገኘ ሰው ጎዳና ተሻግሮ በመሸጥ ብቻ ሀብታም ሆነ። ቡና ከነዳጅ የሚለየው እያንዳንዷ ፍሬ ባለቤት ስላላት ነው። መንግሥት ድርሻ ከፈለገ ወይ በግልጽ ግብር መጠየቅ፣ ወይ ከሚዛኑ ሥር ጣቱን ማስገባት ይኖርበታል።

የመንግሥትንም ክርክር በሙሉ ክብደቱ ማቅረብ ይገባል። የቡናው ዶላር የነዳጅ፣ የመድኃኒትና የማዳበሪያ መግዣ ነው፤ መድኃኒቱ ቡና ለማያበቅለውም ይደርሳል። ቡናው ጅቡቲ የሚደርስበት መንገድ የሁሉም ነው። ይርጋጨፌ የሚለው ስም ራሱ ዋጋ ያወጣው በከፊል በመንግሥት ሙግት ነው፤ በ1997 ዓ.ም. ገደማ ይርጋጨፌ፣ ሲዳሞና ሐረር በአሜሪካ የንግድ ምልክት ሆነው እንዲመዘገቡ ሲጠየቅ የአሜሪካ የቡና ነጋዴዎች ማኅበር ተቃውሞ ነበር፣ ከስታርባክስ ጋር ስምምነት የተፈረመውም በ1999 ነው። ስለዚህ «ዶላሩ የገበሬው ብቻ ነው» የሚል ሰው የጋራውን ድካም ይረሳል። ነገር ግን ይህ ክርክር የሚያጸድቀው ግብርን ነው። ድብቅነትን አያጸድቅም።

በቅርብ ዓመታት ደግሞ ነገሩ ተገላቢጦሽ መልክ ያዘ፤ ፈላስፋም ቢሆን ቆም ብሎ ሊያስብበት የሚገባው ይህኛው ነው። በ2014 ዓ.ም. በወጣው መመሪያ ላኪው ካመጣው ዶላር 70 በመቶውን ለብሔራዊ ባንክ፣ 10 በመቶውን ለራሱ ባንክ ሸጦ 20 በመቶውን ብቻ ያስቀር ነበር። ያችን 20 በመቶ ለማግኘት ሲባል ብዙ ላኪ ቡናን በኪሳራ ሸጠ። ስሌቱን በምሳሌ እንየው። አንድ ኪሎ ለላኪው 400 ብር ፈጀበት እንበል፤ በ6 ዶላር ሸጠው። በ57 ብር ሲመነዘር 342 ብር ነው፤ 58 ብር ከሰረ። ነገር ግን 1 ዶላር ከ20 ሳንቲም በእጁ ቀርቶለታል። በዚያች ዕቃ አስመጥቶ ትይዩ ገበያው ዶላሩን 110 ብር በሚያወጣበት አገር ሲሸጠው፣ በእያንዳንዱ ዶላር 53 ብር ብልጫ ያገኛል፤ በ1.20 ዶላር 63 ብር ከ60 ሳንቲም። ኪሳራው ተሸፍኖ ትርፍ ተረፈ።

እንግዲህ ማን ተበደለ? እሸት ገዢዎች ተሻምተው ዋጋ ስለጨመሩለት ገበሬው ለጊዜው የተጠቀመ ይመስላል። ግን ይህ ሰው ቤቱን የሚከድንበትን ቆርቆሮ፣ ምስማሩንና ባትሪውን የሚገዛው ከዚያው አስመጪ ነው፤ በግራ እጁ የተቀበለውን በቀኝ እጁ ይመልሳል። በ1994 የተቋቋመው የይርጋጨፌ ቡና አብቃይ ገበሬዎች ኅብረት ሥራ ዩኒየን የመሰለ ድርጅትም አለ። ሥራው የአባላቱን ቡና መላክ እንጂ ቆርቆሮ ማስመጣት አይደለም፤ ኪሳራውን የሚያካክስበት ሌላ ሱቅ የለውም። በዚህ ገበያ ቡናን ለቡናነቱ የሚሸጥ ሰው ሞኝ ተደርጎ ተቆጠረ።

ባለሥልጣናት ከዓለም ዋጋ በታች እንዳይሸጥ ዝቅተኛ የመሸጫ ዋጋ አወጡ፤ ላኪዎችንም ወቀሱ። ወቀሳው ሐሰት አልነበረም። ያልተጠየቀው ግን ለነጋዴው በኪሳራ መሸጥ አዋጭ እንዲሆንለት ያደረገው ማን ነው የሚለው ነው። በከረጢቱ ሁለት ድንጋይ የያዘው ባንኩ ሆኖ ሳለ የግብረ ገብ ትምህርቱ ለነጋዴው ብቻ ተሰጠ።

ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ተመኑ በገበያ እንዲወሰን ተደረገ። ከ57 ብር ገደማ ተነሥቶ በመጀመሪያው ቀን 74 ብር፣ በዓመቱ ከ130 ብር በላይ ደረሰ። ለብሔራዊ ባንክ በግዴታ መሸጥ ቀርቶ ላኪው ግማሹን ዶላር እንዲያስቀር ተፈቀደለት። የዓለም ቡና ዋጋም በ2017 ዓ.ም. የ1977 እ.ኤ.አ.ን ክብረ ወሰን ሰበረ። ሁለቱ ተገጣጥመው በ2016 ዓ.ም. 1.4 ቢሊዮን ዶላር ገደማ የነበረው የአገሪቱ የቡና ገቢ በ2017 ከ2.6 ቢሊዮን ዶላር አለፈ።

የተመኑ መለቀቅ ለሚዛኑ መስተካከል ትልቅ እርምጃ ነው፤ ይህን መካድ ንፉግነት ይሆናል። ግን የተስተካከለ ሚዛን ሁሉን አያጠግብም። በደሞዝ የሚኖር የዲላ መምህር ቡና የለውም፤ ዘይትና መድኃኒት ግን በአዲሱ ተመን ይገዛል። ገበሬውም ቢሆን ጌዴኦ ከአገሪቱ እጅግ ሰው ከበዛባቸው ገጠሮች አንዱ በመሆኑ መሬቱ ጠባብ ነው። በመስከረም 2016 በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት የተመዘገበው ያ ውብ የጌዴኦ መልክዐ ምድር፣ ቡና ከእንሰት ሥር፣ እንሰትም ከትልልቅ ዛፎች ሥር የሚያድርበት፣ ለብዙ ቤተሰብ ከአንድ ሄክታር ያነሰ ማሳ ነው። ስለዚህ ገበሬው በቆሎውን ከገበያ ይሸምታል። ተመኑ ሲለቀቅ የተጎዱትን መካስ የመንግሥት ዕዳ ነው፤ መልሶ ሚዛኑን ማጣመም ግን ካሳ ሊባል አይችልም።

ሚዛኑ የሚጣመምበት ሌላም በር አለ። መንግሥት ከብሔራዊ ባንክ በቀጥታ ሲበደር አዲስ ገንዘብ ይፈጠራል፤ ኦሬም ሳንቲም ሲሸረፍ ያየው በደል በዘመናችን በዚህ መንገድ ይፈጸማል። ከዓለም የገንዘብ ድርጅት ጋር በተገባው ስምምነት ይህ ብድር እንዲቆም ቃል ተገብቷል። በባንክና በጎዳና ዋጋ መካከል ያለው ክፍተትም ጠበበ እንጂ አልጠፋም፤ ክፍተቱ እስካለ ድረስ ለጥቂቶች ዶላር በርካሽ የማደል ፈተና አለ።

ስለዚህ ፍርዱ እንዲህ ቢሆን ይሻላል። ከይርጋጨፌ ቡና የጋራው ድርሻ አለ፤ ገበሬውም አይክደውም። ድርሻው ግን ግብር ተብሎ፣ መጠኑ ተጽፎ፣ በተወካዮች ምክር ቤት ክርክር ተደርጎበት ይጽደቅ። ከእርሱ ላይ ምን ያህሉ ለጌዴኦ መንገድና ችግኝ ጣቢያ እንደሚመለስም አብሮ ይጻፍ። ብሔራዊ ባንክም ለማን፣ በስንት ብር፣ ስንት ዶላር እንደሸጠ በየጊዜው ያሳትም። ይህን የምታነቡ የምክር ቤት አባላት፣ ጥያቄውን ለማቅረብ አዲስ ሕግ አያስፈልጋችሁም።