ከነሥሯ የተሰጠች አበባ



በዘመን መለወጫ ልጃገረዶች አደይ አበባና ለምለም ሣር ይዘው በየደጁ ሲዘምሩ፣ ወንዶች ልጆችም በወረቀት የሣሉትን አበባ ሲያበረክቱልን በደስታ እንቀበላለን። አበባ የሚሰጥ ሰው ምን እንደሚሰጥ ግን አስበን እናውቃለንን?

ቤተ ክርስቲያን ነጭ ሊሊን የንጽሕና ምልክት አድርጋ በቅዱስ ዮሴፍ እጅ ታስይዛለች፤ ጽጌረዳን ለእመቤታችን ትሰጣለች። የመቁጠሪያ ጸሎት የላቲን ስሙ እንኳ ከጽጌረዳ የወጣ ነው። በ19ኛው መቶ ዘመን አውሮፓ ደግሞ የእያንዳንዱን አበባ ትርጉም የሚዘረዝሩ መጻሕፍት ታትመዋል። ይሁንና ዝርዝር ለሰጪው ልብ ምትክ የሚሆን አይመስለንም።

በፈረንሳይ አገር በሊዝዮ ከተማ የሆነውን እናስታውስ። እ.ኤ.አ. በ1887 ዓ.ም. በበዓለ ጰራቅሊጦስ የ14 ዓመቷ ትሬዛ ማርቲን በቤታቸው አትክልት ስፍራ አባቷን ቀርባ፣ ወደ ቀርሜሎስ ገዳም ለመግባት ፈቃድ ለመነች። እናቷ ገና በሕፃንነቷ ዐርፈዋል። ሁለት ታላላቅ እኅቶቿም ወደዚያው ገዳም አስቀድመው ገብተዋል። አባቷ ሉዊ የመጨረሻ ልጃቸውን ነበር የተጠየቁት። አለቀሱ፤ ፈቀዱላትም። ከዚያም ወደ አንድ አጭር ግንብ ጠጋ ብለው፣ በድንጋዩ መካከል የበቀለች ትንሽ ነጭ አበባ ነቅለው ሰጧት፤ እግዚአብሔር ያችን አበባ በምን ያህል ጥንቃቄ እንዳሳደጋትና እስከዚያች ቀን እንደጠበቃት ነገሯት። ትሬዛ አበባዋን ስትመለከት ሥሯ እንዳልተበጠሰ አየች። በሌላ መሬት ልትተከል የተነቀለችው እርሷው ራሷ እንደ ሆነች አስተዋለች። አበባዋንም «ክርስቶስን መምሰል» በተሰኘው መጽሐፍ ውስጥ አኖረቻት። ከዓመታት በኋላ ዘንጓ ከሥሯ አጠገብ ተሰበረ፤ ትሬዛም ከምድር ጋር የሚያስራት ነገር በቅርቡ እንደሚፈታ ምልክት አድርጋ ተቀበለችው። በ1897 ዓ.ም. በ24 ዓመቷ ዐረፈች፤ በ1925 ዓ.ም. ቅድስናዋ ታወጀ። የአባቷና የእናቷ ቅድስና የታወጀው በ2015 ዓ.ም. ነው።

ሉዊ ማርቲን ለአበባዋ ገንዘብ አልከፈሉባትም። በእርሷ ውስጥ የሰጡት ግን ልጃቸውን ነው። እኛስ? ለወራት በአልጋ ላይ ሳለ አንድ ጊዜ እንኳ ያልጠየቅነው ጎረቤታችን ሲያርፍ፣ ትልቅ የአበባ ጉንጉን አሠርተን በሬሳ ሣጥኑ ላይ እናኖራለን። ከዚህ ወቀሳ ራሳችንን አናወጣም። የፕላስቲክ አበባ አይጠወልግም፤ ምናልባት የምንወደው ተመልሰን እንድንመጣ ስለማያስገድደን ይሆናል።

የቅድስት ትሬዛ በዓል በእኛ አቆጣጠር አብዛኛውን ጊዜ መስከረም 21 ቀን ይውላል፤ አደይ አበባም ገና ከሜዳው አልረገፈም። የትምህርተ ክርስቶስ መምህራን ሆይ፣ በዚያ ሰሞን ልጆቹን ሳንቲም ወደሚሰጣቸው ደጅ ብቻ ሳይሆን፣ ወደ ቁምስናው መምጣት ወደ ተሳናቸው አረጋውያንና ሕሙማን ቤት ምሯቸው። አበባውን ልጆቹ ራሳቸው ይቅጠፉት። በየቤቱም ቁጭ በሉ፤ ቡና ቢፈላላችሁ ቸኩላችሁ አትነሡ።