የዳነው ምኑ ነው?

ከአዋሽ ወደ ጭሮ የሚሄድ መንገደኛ ገና ዳገቱን ሳይጀምር አሰቦት ላይ የደብረ ወገግ ቅድስት ሥላሴ ገዳም ያረፈበትን ተራራ ያያል። ሚኤሶን አልፎ ሽቅብ ሲወጣ ጭሮ ይገባል፤ ብዙ ሰው ዛሬም አሰበ ተፈሪ የሚላት ከተማ ናት። ከዚያ ወደ በዴሳና ገለምሶ ቢታጠፍ ደረሳዎች ቁርኣን የሚቀሩባቸውን መስጊዶች፣ የኢቱ ኦሮሞ በጥላው ሥር ተሰብስቦ ሕግ የደነገገበትን ኦዳ ቡልቱምንም ያገኛል። ታቦትና ሥዕል፣ መጽሐፍ፣ ዛፍ። በዚህ አገር የቅርስ ጠባቂን ሥራ የሚያከብደው ጥያቄ በምዕራብ ሐረርጌ በአንድ ቀን መንገድ ውስጥ ተሰብስቧል፦ ቅዱስ ነገር ከጥፋት ይድን ተብሎ ከቦታው ሲነሣ፣ የዳነው ምኑ ነው?

ከዚህ ጥያቄ ጋር ዕድሜውን ሙሉ የኖረ አንድ ሰው አለ። ፖላንዳዊው ስታኒስላው ሆይናትስኪ እ.ኤ.አ. በ1915 ተወለደ፤ በ1950 አዲስ አበባ መጥቶ አዲስ የተከፈተው የዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ የቤተ መጻሕፍት ኃላፊ ሆነ። መጽሐፍ ከማሰባሰቡ ጎን መስቀል፣ የእንጨት ላይ ሥዕል፣ የብራና ጽሑፍ መሰብሰብ ጀመረ። በ1963 የኢትዮጵያ ጥናት ተቋም በቀድሞው የገነተ ልዑል ቤተ መንግሥት ሲቋቋም የተቋሙን ሙዚየም ያደራጀው እሱ ነው። ከአብዮቱ በኋላ ወደ ካናዳ ሄዶም የኢትዮጵያን ሥዕል አልተወም። ከ13ኛው እስከ 19ኛው ክፍለ ዘመን ስላለው ሥዕል የጻፈው ትልቅ መጽሐፍ በ1983፣ የተቋሙ ሥዕሎች ካታሎግ ደግሞ በ2000 ታተመ። በ2010 አረፈ።

ሥራውን በቅንነት መመዘን ይገባል። በዚያ ዘመን የአብያተ ክርስቲያናት ንብረት በነጋዴ እጅ እየዞረ ለውጭ አገር ሰው ይሸጥ ነበር። ሆይናትስኪና በ1968 የተመሠረተው የተቋሙ ወዳጆች ማኅበር ገንዘብ እያፈላለጉ ባይገዙ ኖሮ፣ ዛሬ ስድስት ኪሎ በተቋሙ ሙዚየም የሚታዩት ብዙዎቹ ሥዕሎች በማናውቀው ሰው ሳሎን ግድግዳ ላይ ይሰቀሉ ነበር። ለተነቀለ ነገር ማረፊያ ሰጠው፤ ይህ ትልቅ ውለታ ነው።

ነገር ግን በቤተ ክርስቲያን ሥዕል የሚኖረው በመጋረጃ ተሸፍኖ፣ በጸሎት ሰዓት ተገልጦ፣ በዕጣን ታጥኖና ተስሞ ነው። ሙዚየም የሚከለክለው ይህንኑ ነው፤ ጢሱ ቀለሙን ያጠቁረዋል፣ ከንፈር ያደበዝዘዋል። እንጨቱን የሚጎዳው ነገር የሥዕሉ ሕይወት ከሆነ ጠባቂው የቱን ይምረጥ?

ጥያቄው ከአውሮፓ የመጣ አይደለም። በ15ኛው ክፍለ ዘመን ዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ የእመቤታችን ሥዕል እንዲከበር ሲያዝዙ ደቂቀ እስጢፋኖስ የተባሉት መነኮሳት ስግደት ለሥላሴ ብቻ ነው ብለው ለሥዕልና ለመስቀል አንሰግድም አሉ፤ መከራም ተቀበሉበት። እንጨቱ በራሱ ቅዱስ ነው ወይስ የሚያመለክተው ነው? ክርክሩ በግዕዝ ተጽፎ ቆይቶናል።

የሆይናትስኪ የራሱ ጥናት መልስ ወደሚመስል ነገር ይጠጋል። በ1985 ስለ «ኵርዐተ ርእሱ» ራሱን የቻለ ጽሑፍ አሳተመ። የእሾህ አክሊል የደፋው ክርስቶስ የተሣለበት ይህ ሥዕል በአውሮፓ እጅ የተሠራ ነው ተብሎ ይታመናል። ኢትዮጵያ ከገባ በኋላ ግን መሐላ ተማለበት፣ ጦር ሜዳ ተከትሎ ወጣ። በ1744 የኢትዮጵያ ሠራዊት በስናር ሲሸነፍ ተማርኮ በቤዛ ተመለሰ። በ1868 መቅደላ ላይ የብሪቲሽ ሙዚየም ወኪል ሪቻርድ ሆልምስ ወሰደው፤ ለሙዚየሙም አልሰጠ፣ ለራሱ አስቀረው። ኋላም በፖርቱጋል በግለሰብ እጅ ገባ። ሠዓሊው ማንም ይሁን ማን፣ ሥዕሉን ያከበረው የማለበትና የተከተለው ሕዝብ ነው። ያ ሕዝብ በሌለበት የቀረው ጥሩ ሥዕል ብቻ ነው።

የብሪቲሽ ሙዚየም ታቦታት ነገሩን ይበልጥ ያጎሉታል። ሙዚየሙ 11 ታቦታት ይዟል፤ የራሱ ባለሙያዎች እንኳ አያዩአቸውም፣ አያጠኑአቸውም፣ አያሳዩአቸውም። ይህ አክብሮት ነው ይባላል። የማያዩትንና የማያሳዩትን ነገር ማስቀመጥ ግን በምን ስሌት የሙዚየም ሥራ እንደሚሆን ማስረዳት ይከብዳል። ትክክለኛው አክብሮት መመለስ ነው።

ሌላ መንገድም አለ፤ ኢትዮጵያውያን ራሳቸው የሄዱበት ነው። በ1973 የተጀመረው የብራና መጻሕፍት ማይክሮፊልም ሥራ በሺዎች የሚቆጠሩ መጻሕፍትን ፎቶ አንሥቶ መጻሕፍቱን ግን ለባለቤቶቻቸው ተወላቸው። የደቂቀ እስጢፋኖስን ታሪክ ወደ አማርኛ የመለሱት ሊቁ ጌታቸው ኃይሌ አሜሪካ ሆነው በዚያ ስብስብ ላይ ዓመታት ደክመዋል። ሐረር ላይ ደግሞ አቶ አብዱላሂ አሊ ሸሪፍ በግል ጥረታቸው የአካባቢውን መጻሕፍት፣ ሳንቲምና ዜማ ሰብስበው ሙዚየም አቋቁመዋል። እዚያ ሐረሪው የአያቱን መጽሐፍ በራሱ ከተማ ያየዋል። ሰብሳቢው ከራሱ ከባለቤቱ ወገን መሆኑ ልዩነት አለው።

ለጭሮ ይህ ሩቅ ወሬ አይደለም። ከተማዋ ስሙን ከዛፉ የወሰደው የኦዳ ቡልቱም ዩኒቨርሲቲ አላት። ኦዳውን ማንም መስታወት ውስጥ አያስገባውም፤ ሥሩ መሬት ውስጥ ነው፣ ክብሩም በሚሰበሰብበት ሰው ነው። የገዳ ሥርዓት በ2016 በዩኔስኮ ሲመዘገብ የተመዘገበውም ሰዎች የሚፈጽሙት ሥርዓት እንጂ ዕቃ አይደለም። የአሰቦት ንዋየ ቅድሳትና ሰው ሳይተጣጠብ የማይነካው የገለምሶ ቁርኣንም በዚሁ ዓይን መታየት አለባቸው። የሆይናትስኪ መንገድ ለተነቀለው ይሠራል፤ ያልተነቀለውን ግን ባለሙያው ራሱ ያለበት ድረስ ሄዶ ይጠብቀው።

ስለዚህ የዩኒቨርሲቲው መምህራንና የዞኑ ባህልና ቱሪዝም ሰዎች የማሳያ አዳራሽ ከማሰባቸው በፊት አበምኔቱን፣ ሼሆቹንና አባ ገዳዎቹን ፈቃድ ይጠይቁ። የተፈቀደውን ፎቶ ያንሱ፣ ይመዝግቡ፤ መጽሐፍ የሚጠርዝና ብራና የሚጠግን ሰው ከዚያው ከገዳሙና ከመስጊዱ ያሠልጥኑ። የማይታየውን ሳያዩ ይለፉት። የቅርስ አዋጁም፣ ቁጥር 209/1992፣ ቅርስ በባለቤቱ እጅ እንዳለ እንዲመዘገብ ይፈቅዳል።